ከማን እንደተጣላሁ ለጠየቅኸኝ

ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ዋጋሪ ጉሉማ፤
አሰብ።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ከባድ ሣጥን ስታነሣ የተቀየመህ ወገብህ ተሻለው ወይ? እትዬ ካሰችስ እንዴት ናት? ሕፃኑ ኩማ ጥርስ አበቀለ ወይስ ገና ድዱን እያሳየ ይስቃል? የአሰብ ፀሐይስ እንዴት ይዟችኋል? ባለፈው «ሸሚዜ ታጥቦ ገመዱ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል» ብለህ የጻፍክልንን እናታችን ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ሰነበተች። አሁን በሰፈራችን በጨለለቂ ሰዎች ዘንድ አሰብ ማለት ወጥ ያለ እሳት የሚበስልበት አገር ነው።

እኛ ሁላችን በጤና አለን። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ስለ ጀመረ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ በቆሎው ግን አምሮበታል። የአባባ ሳል ሙሉ በሙሉ ለቋቸዋል። እናታችን ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። አክስታችን አዴ ወሰኔም እንደምታውቃቸው ናቸው፤ እሳቸው ያሉበት ቤት ጸጥታ አያውቅም። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የእንቁራሪት ልብ ከአካሏ ወጥቶ ለጥቂት ጊዜ እንደሚመታ ካሳየኋቸው ወዲህ ከሌላው አስተማሪ ይልቅ ይፈሩኛል፤ ሥነ ሥርዓት ለማስጠበቅ ጠቅሞኛል።

በመጋቢት የጻፍከው ደብዳቤ የደረሰኝ በፋሲካ ማግስት ነው። «ከማን ተጣላሽ? እናታችን ተጨንቃ አስጽፋልኛለች። በእኔ የመጣ ከሆነ፣ ልጆች ሳለን ያን የመጻፊያ ሰሌዳሽን የሰበርኩት እኔ ነኝና ይቅር በይኝ» ብለሃል። ስለ ሰሌዳው ልቅደም። ይህ ደብዳቤህ እስኪደርሰኝ ድረስ የሰበረችው ድመቷ ትመስለኝ ነበር። ድመቷን ይቅርታ መጠየቅ አይቻለኝም፤ ከሞተች ቆይታለች። የአንተን ይቅርታ ግን ተቀብያለሁ። ስለ ዋናው ጥያቄህ ቀኑንና የሆነውን ብቻ በቅደም ተከተል አስቀምጬ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ እጽፍልሃለሁ።

መስከረም 12 ቀን 1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቴን በማስተማር ለመፈጸም ነቀምቴ ገባሁ። ጥቅምት 2 ቀን እሑድ በማኅበረ ምእመናናችን የጌታ እራት ተሰጠ፤ እኔ ከአግዳሚው አልተነሣሁም። ታኅሣሥ 29 ቀን በልደት በዓል ዳግመኛ ተሰጠ፤ አሁንም አልተነሣሁም። በየካቲት ወር ሽማግሌዎች ከማን ጋር እንደተጣላሁ ማጠያየቅ ጀመሩ። መጋቢት 20 ቀን አባባ ጽዋ የመያዝ አገልግሎታቸውን ለሽማግሌው ለኦቦ ፉፋ አስረከቡ። ሚያዝያ 9 ቀን ዓርብ አባባን በሥራ ቤታቸው አነጋገርኋቸው። ሚያዝያ 10 ቀን ቅዳሜ ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀመጡ። ሚያዝያ 18 ቀን ፋሲካ ሆነ።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልመለስ። ከቤት ከወጣህ ስለ ቆየህ አንድ ልማዳችንን ላስታውስህ። በእኛ ማኅበረ ምእመናን ከባልንጀራው ጋር ቂም ያለው ሰው ሳይታረቅ ወደ ጌታ እራት አይቀርብም። ሌላው ሲነሣ እሱ ቁጭ ይላል። የተቀመጠውን ሰው ያዩ ሽማግሌዎችም ከማን እንደተኳረፈ አጣርተው ከፋሲካው እራት በፊት ያስታርቁታል። አንተ ራስህ ከጎረቤታችን ከኦቦ ጨመዳ ልጅ ጋር በኳስ ተጣልተህ ሁለታችሁን አግዳሚ ላይ አስቀምጠው እጅ ለእጅ ያጨባበጧችሁ ትዝ ይልህ ይሆናል። ስለዚህ በከተማችን ሰው ሁሉ ተነሥቶ አንድ ሰው ከተቀመጠ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል ብሎ ያሰበ የለም።

እኔ የተቀመጥሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ጋሼ፣ በእግዚአብሔር መኖር አላምንም። ይህን በጽሑፍ ሳሰፍር የመጀመሪያዬ ስለሆነ በጥንቃቄ ላብራራልህ። ያስከፋኝ ቄስ የለም። ያሳተኝ ጓደኛ የለም። የተማርሁት ሳይንስም ብቻውን እዚህ አላደረሰኝም፤ ከእኔ ጋር ተምረው አጥብቀው የሚያምኑ አሉና። ቀስ በቀስ፣ ስጸልይ የሚሰማኝ ሰው እንዳለ ሆኜ መናገሬን እንጂ የሚሰማኝ እንዳለ የማውቅበት ምክንያት እንደሌለኝ ተረዳሁ። ተሳስቼ ይሆናል፤ እስካሁን ግን ስሕተቴን አላገኘሁትም። ይህ ሆኖ ሳለ ተነሥቼ ኅብስቱንና ጽዋውን ብቀበል በአባባ ፊት በአፌ ሳይሆን በእጄ መዋሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ተቀመጥሁ።

ለምን በጊዜው አልተናገርሽም ትለኝ ይሆናል። የተጠየቅሁት «ታምኛለሽ ወይ?» ተብዬ አይደለም፤ «ከማን ተጣላሽ?» ተብዬ ነው። እኔም «ከማንም አልተጣላሁም» ብዬ ለተጠየቅሁት በትክክል መለስሁ። ትክክለኛ መልስ በቂ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን መልሴን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩና «አይ፣ ከብዷት ነው። ስሙን መጥራት የከበዳት የቅርብ ሰው ቢሆን ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ አሰብ ድረስ የሚሰማ ሳቅ ትስቅ ነበር።

በመጀመሪያ የመጡት አዴ ወሰኔ ናቸው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ጠብቀው ወደ ጓሮ ወሰዱኝና «ልጄ፣ ያንቺ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ከርሟል። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ ከጉቴ መንደር ሽማግሌ ተልኮ ሊጠይቅሽ መጥቶ ነበር። ትምህርቷን ያስተዋት ይሆናል ብዬ ፈራሁና ‹አዲስ አበባ ላለ ዶክተር ታጭታለች› ብዬ መለስኳቸው። ዶክተሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አሉኝ። ለካ መስከረም ከመጣሁ ጀምሮ ገበያ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ዶክተሩ ደህና ነው?» የሚለኝ ለዚህ ኖሯል! እኔ የሆስፒታሉን ዶክተር ማለታቸው መስሎኝ «በጣም ደህና ነው፤ ትናንትም አይቼዋለሁ» ስል ከርሜያለሁ። አዴ ወሰኔን አለመቀየሜን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ወዲያው ግን «ታዲያ እኔ ካልሆንኩ ማነው?» ብለው ምርመራውን ከሽማግሌዎቹ በላይ አጠናከሩት።

ቀጥሎ ጎረቤታችን ኦቦ ጨመዳ መጡ። ለተማሪዎቼ ማሳያ የሚሆኑ ቅጠሎችን በየዓይነታቸው ሰብስቤ በጓሮ በጋዜጣ ላይ ዘርግቼ አድርቄ ነበር። ከመካከላቸው ግማሹ ጠፋ። ነፋስ ወስዶታል ብዬ ደምድሜ ስለ ነፋስ ጥፋት ለክፍሉ ረጅም ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ነበር። ኦቦ ጨመዳ ቆባቸውን እያሻሹ «ነፋስ አይደለም፤ ፍየሌ ናት። አጥሩን ዘልላ ስትገባ አይቻለሁ፤ ‹ለተማረች ልጅ ቅጠል ምኗ ነው› ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። ፍየሏ ታማ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ከቅጠሎቹ ሁለቱ መርዘኛ ነበሩና። «ኧረ ወፍራለች!» አሉኝ። ስለ ሁለቱ ቅጠሎች የማስተምረውን አሁን እንደገና እየመረመርሁት ነው።

ሦስተኛው ያልጠበቅሁት ሰው ነው። ባለ ሱቁ ወልደሩፋኤል የእኛ ማኅበረ ምእመናን አባል እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ ከጉራጌ አገር የመጣ፣ ታቦት የሚያነግሥ ሰው ነው። ሱቁን በቀትር ዘግቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ቤታችን መጣ። «እህት ዓለም፣ እኔ የናንተ ሰው አይደለሁም። ግን በወልደሩፋኤል ምክንያት ሰው ከቁርባን ቀረ ቢባል ለእኔም ቤት ጥሩ አይደለም። ያ የሸጥኩልሽ የፋኖስ ብርጭቆ ስንጥቅ ነበረበት። እያወቅሁ ምዬ ሸጥኩልሽ። ስለ መሐላው ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፤ ስለ ብርጭቆው ግን አንቺው ይቅር በይኝ» አለና አዲስ ብርጭቆ ሰጠኝ። የቀድሞው ብርጭቆ የተሰነጠቀው ትኩሱን በእርጥብ ጨርቅ ስለ ወለወልሁት ይመስለኝ ነበር። እናታችን ምሳ ካልበላህ አትሄድም ብላ አስቀመጠችው፤ እሱም ጾም ላይ ስለ ነበረ ሽሮ ተሠራለት፤ ሲበላ የእኛን ሽማግሌዎች አመሰገነ። «እኛ ዘንድ እንደዚህ ቤት ለቤት ቢፈተሽ ገበያው ሁሉ በተዘጋ ነበር» አለ።

ይህን ሁሉ ሳይ ደስ ብሎኝ እንደ ነበር አልደብቅህም። ሰው ሁሉ ይቅር ሲባባል መንደሩ እንደ ታጠበ ልብስ ንጹሕ ሆነ። ነገር ግን አንድ ነገር አላስተዋልሁም ነበር። ለመጣው ሁሉ «አልተቀየምሁም» ባልሁ ቁጥር ሽማግሌዎቹ አንድ ስም ይሰርዙ ነበር። አካሄዳቸው እንከን የለውም፤ እኔ ራሴ ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ መንገድ ነው። የተሳሳተው መነሻው ብቻ ነው። ሁሉን ሰርዘው ሲጨርሱ የቀረው አንድ ሰው ሆነ፤ እሱም አባባ ናቸው።

ማንም በፊታቸው አልወቀሳቸውም። መጋቢት 20 ቀን እሑድ ግን አባባ ራሳቸው ተነሥተው «በቤቱ ያልታረቀ ሰው ያለበት ጽዋ አይይዝም» አሉና ጽዋውን ለኦቦ ፉፋ ሰጡ። እኔ ገና ልጅ ከነበርሁበት ጊዜ ጀምሮ ያን ጽዋ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። አንድ ጠብታ ሳያፈሱ በተንበረከከው ሰው ሁሉ ፊት ዝግ ብለው ሲያልፉ እንደ ነበር አንተም ታስታውሳለህ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን ድምፃቸው ከቤቱ ጠፋ። ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ ትንሽ ይነካሉ፣ ይተዉታል። እናታችን «እኔ ከአንተ ጋር ተጣልቼ ሃያ ጊዜ ታርቄያለሁ፤ እንዲህ ሆነህ አይቼህ አላውቅም» ስትላቸው እንኳ ፈገግ አላሉም። ኋላ እንዳወቅሁት፣ በምን እንዳስቀየሙኝ ከተወለድሁበት ቀን ጀምሮ እያስታወሱ ይፈልጉ ነበር።

ሚያዝያ 9 ቀን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ቤታቸው ጠሩኝ። ለትምህርት ቤታችን የተጠየቀ አግዳሚ እየላጉ ነበር፤ ፍቅፋቂው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል። መላጊያውን አስቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። አባባ ከቤተ ክርስቲያንና ከምግብ ሰዓት በቀር ባርኔጣ ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «አስቤ አስቤ ያገኘሁት አንድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትሄጂ አውቶቡስ ተራ ድረስ አልሸኘሁሽም። ሥራ አለኝ ብዬ ቀረሁ። ሥራ አልነበረኝም። ሰው ፊት እንዳላለቅስ ነው። ይህን ይዘሽብኝ ከሆነ ይቅር በይኝ።»

ጋሼ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያጠራቀምሁት ጥንቃቄ ሁሉ ምንም አልጠቀመኝም። «አባባ፣ ባርኔጣዎን ያድርጉ። አልተቀየምኩዎትም። ከማንም አልተጣላሁም። የማልቀበለው ስለማላምን ነው። እግዚአብሔር መኖሩን አላምንም» አልኋቸው። ልቤ እንደዚያች እንቁራሪት ልብ ለብቻው ይመታ ነበር።

ከዚያ ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ከእኔ ግን አልተጣላሽም?» አሉኝ። አልተጣላሁም አልኋቸው። «ከእናትሽስ?» ከእሷም አልሁ። ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው «ከእሱስ ተጣልተሽ ነው?» አሉ። «መኖሩን ካላወቅሁት ጋር ልጣላ አልችልም፣ አባባ» አልሁ። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያውስ ሽማግሌ የሚገባበት ነገር አይደለም። ሰውና ሰው ሲሆን በመካከል ይቀመጣሉ፤ አንቺና እሱ ከሆናችሁ ማን መካከል ይቀመጣል?» አሉ። ቀጥለውም ዓይኔን እያዩ «ይህ ለእኔ ቀላል እንዳይመስልሽ። ከጠብ ይሻል እንደሆነ፣ ይብስ እንደሆነ ገና አላውቅም። አስቤበት እነግርሻለሁ። አሁን ግን ራበኝ» አሉ። ወደ ቤት ገብተው ምሳና እራታቸውን አንድ ላይ በሉ። እናታችን ሦስተኛ ጊዜ ስትጨምርላቸው በድንጋጤ ወደ እኔ አየች።

ለእሷ የነገርኋት እኔ ነኝ፤ አባባ «እኔ ከነገርኳት አጋንኜ ያወራሁ ይመስላታል» ስላሉ። እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ዱካ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች። ከዚያ «ታዲያ ስትሞቺ የት ልፈልግሽ?» አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝሁ። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ጠርጋ «ለመሞት ገና ነሽ፤ ጊዜ አለን» አለችና ወዲያው ወደ ተግባራዊው ጉዳይ ገባች። «ምግብ ሲባረክ ጭንቅላትሽን ዝቅ ታደርጊያለሽ ወይስ እንደ ቀጭኔ ቀጥ ትያለሽ?» ዝቅ አደርጋለሁ፣ ለምግቡም ለእናንተም ስል አልኋት። «እሺ፣ እሱ ይበቃኛል። ለጊዜው» አለች። ይህች «ለጊዜው» ያለቻት ቃል የት እንደምታደርስ አላውቅም።

ቅዳሜ ቄስ ደረሳ፣ ኦቦ ፉፋና ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ሳሎናችን ተቀመጡ። አዴ ወሰኔ በመጋረጃው በስተጀርባ ሆነው ይሰሙ ነበር፤ ከእግራቸው ጫፍ በቀር አይታዩም። ኦቦ ፉፋ ጀመሩ፤ «ጉሉማ፣ ፋሲካ ደርሷል። አባትና ልጅ ተኳርፋችሁ አትውሉም። ዛሬ አራራ ሳናወርድ፣ ሳናስታርቃችሁ አንሄድም።» አባባ «ፉፋ፣ የምታስታርቀው ነገር የለም» አሉ። ኦቦ ፉፋም «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ። አባባ ወደ እኔ ዞረው «አፍ አላት፣ ተምራለች፤ ራሷ ትናገር» አሉ።

ተነሥቼ ሦስት ነገር ተናገርሁ። ከማንም ጋር ጠብ እንደሌለኝ፣ አባቴም በምንም እንዳልበደሉኝ አስቀደምሁ። ቀጥዬ አለማመኔን ነገርኋቸው። በመጨረሻም፣ እነሱን ብንቅ ኖሮ ተነሥቼ እቀበልና ጉዳዩ ያልቅ እንደ ነበር፣ የተቀመጥሁት ስላከበርኋቸው መሆኑን ተናገርሁ። ከመጋረጃው በስተጀርባ «ዩ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ኦቦ ፉፋ ብድግ አሉ። «ይህማ ከጠብ የባሰ ነው! የራሱን ቤት ያላስተማረ ጽዋውን እንዴት ይይዛል?» አሉ። በዚያች ሰዓት የአባባ የአገልግሎት ዘመን ሁሉ በእኔ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቄስ ደረሳ ኦቦ ፉፋን በእጃቸው አስቀመጧቸውና ወደ አባባ ዞሩ። «ጉሉማ፣ ይህችን ልጅ አስተምረሃታል?» አሏቸው። «አስተምሬአታለሁ።» «ሰምታሃለች?» አባባ ትንሽ አሰቡ። «አትዋሺ ያልኳትን ሰምታለች፤ ይዛዋለችም። ሌላውን ግን አስቀምጣዋለች» አሉ። አዴ ወሰኔ ራሳቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ሳቁ፤ ቄስ ደረሳም ሳቃቸውን ወደ ሳል ለወጡት።

ከዚያ ቄስ ደረሳ ፍርዳቸውን ተናገሩ። «እኛ የመጣነው ጠብ ካለ ልናስታርቅ ነው። ጠብ የለም። እንዲያውም በዚህ ያልነበረ ጠብ ሰበብ ስንት ሰው እንደታረቀ ቆጥሬ አልጨርስም። ጽዋው ለጉሉማ ይመለስ። የልጅቷ እምነት ደግሞ የአንድ ቅዳሜ ሥራ አይደለም፤ ለእሱ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ጊዜና ጸሎት እንጂ» አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተስማሙ። ኦቦ ፉፋ አልተስማሙም፤ ያንኑም በግልጽ ተናገሩ። ሲወጡ ግን በር ላይ ቆም ብለው «አንቺ ልጅ፣ ስለ አንቺ እጸልያለሁ። ትቀየሚ እንደሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ፤ ሌላ ሽማግሌ የምቀመጥበት ጉልበት የለኝም» አሉኝ። አልቀየምም፣ ይጸልዩ አልኋቸው። «ጮክ ብዬ ነው የምጸልየው!» አሉ። «ይሁን፣ ኦቦ» አልሁ። ቃላቸውን ጠብቀዋል። በየእሑዱ ስሜን እየጠሩ ይጸልያሉ፤ ተማሪዎቼም ከኋላ አግዳሚ ዞረው ያዩኛል።

አባባ «አስቤበት እነግርሻለሁ» ያሉትን በሳምንቱ ነገሩኝ። «ከጠብ ይብሳል» አሉኝ፤ «ለእኔ ይብሳል። በአንቺ ላይ ግን አላባብሰውም።» ከዚያ ወዲህ በቤታችን የምንኖርበትን መንገድ ተስማምተናል። የማታው ጸሎት ላይ እቀመጣለሁ፤ ጸልዪ ተብዬ ግን አልጠራም። የዕለቱን ምንባብ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ማንበብ ማመን አይደለምና፣ የአባባም ዓይን ደክሟልና። ሳነብ ቃል ብስት ያርሙኛል፤ እኔም እሳቸው በቃል ያሉትን ገጹን እያየሁ አርማቸዋለሁ። አንዳንዴ ይህ ክርክር ከጸሎቱ ስለሚረዝም እናታችን «አሜን!» ብላ ታቋርጠናለች።

ፋሲካ ዕለት ከእናታችን ጋር ሄድሁ። የተቀመጥንበት አግዳሚ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሲነሣ ለማሳለፍ ጉልበቴን ሰበሰብሁ። አዴ ወሰኔ ሲያልፉ እግሬን ረገጡኝና በጆሮዬ «ለዶክተርሽም ጸልዬለታለሁ» አሉኝ። አባባ ጽዋውን ይዘው ቆሙ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ አንድ ጠብታም አላፈሰሱም። ከአግዳሚዎቹ ሁሉ የተቀመጥሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሽማግሌዎቹ አይተውኛል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሊያስታርቀኝ የመጣ ሰው የለም። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ ይህ ነው፤ ከማንም አልተጣላሁም።

ይህን ስታነብ እንዳዘንህብኝ ብትጽፍልኝ አልከፋም፤ አምነህ እንደምትኖር አውቃለሁና። ብቻ ደብዳቤህን በእትዬ ካሰች ከማስጻፍ ራስህ ጻፈው፤ እሷ ስትጽፍ ያንተን ቁጣ ትቀንሰዋለች፤ እኔ ደግሞ ሙሉውን ማወቅ እፈልጋለሁ።

እናታችንን ወይዘሮ ድንቅነሽን በጣም ናፍቀሃታል፤ ሕፃኑን እስክታቅፈው ቸኩላለች፤ ለእትዬ ካሰች የሚላክ ቅቤ አንጥራ ጨርሳለች፤ በአሰብ ሙቀት ቅልጥ ብሎ እንዳይደርስ ብቻ ትሰጋለች። አባባ ሰላም ይሉሃል፤ ለኩማ ትንሽ የእንጨት በቅሎ ጠርበዋል፤ ጆሮዋ ከእግሯ ይረዝማል፣ ይህን ግን እንዳትነግራቸው። አዴ ወሰኔ ጉንጩን ስሜዋለሁ በይልኝ ብለዋል። ኦቦ ጨመዳና ቤተሰባቸው፣ ወልደሩፋኤልም ከነሱቁ፣ ሰላምታ ያቀርባሉ። ለእትዬ ካሰች ሰላምታዬን በእጅጉ አቅርብልኝ፤ ኩማን ግንባሩን ሳምልኝ።

እነሱ ሁሉ በጸሎታቸው አስበውሃል። እኔ አስቤሃለሁ፤ አልጸለይሁም።

እህትህ
ቀለሟ ጉሉማ

ነቀምቴ፣ ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም.